ስሟን ይዛ የተዳረች

ሰርግ የሚጠላ ሐበሻ የለም ይባላል። እኔ ግን ዘንድሮ ሰርግ ፈርቻለሁ። የሰውን ሰርግ አይደለም፤ የሰው ሰርግ ቢበዛ ቢበዛ አዲስ ቀሚስ ቢያስገዛኝ ነው። የምፈራው የኩባንያን ሰርግ ነው። እዚህ አገር ኩባንያዎች ሽማግሌ ሳይልኩ ይጋባሉ። እኛ ቤተሰቦቹ ተኝተን ሳለን ይፈራረሙና ጠዋት በኢሜይል «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሉናል።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ነው። ኢንተርኔት ጠፋብኝ ብላችሁ ስትደውሉ የምታነሣው ሴት እኔ ነኝ። ስቀጠር ኩባንያው የሠፈር ሱቅ ያህል ነበር። ከዚያ የሎረል ከተማን ኩባንያ አገባ፤ ሳይውል ሳያድር ደግሞ የሴቨን ኮርነርስ ሠፈርን ኩባንያ ደረበ። ሁለት ሚስት ክልክል በሆነበት አገር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ባገባ ቁጥር ኬክ ይቆረስ ነበር። መጀመሪያ የአዲሶቹ ስም ከበሩ ላይ ይነሣል፤ ቀጥሎ ሰዎቹ ራሳቸው አንድ በአንድ ይቀራሉ። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ በኩባንያ ጋብቻ የሚጠፋው ስሙን ያጣ ነው።

ባለፈው ጸደይ ከወንዝ ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድርያ ከተማ ትልቅ ኩባንያ ጋር ልንዋሐድ ነው ተባለ። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ግርማ ስኳር አለበት፤ የመድኃኒቱ ኢንሹራንስ በኔ ሥራ ላይ ነው የተንጠለጠለው። መስመር የሚዘረጉት ባልደረባችን ጋሽ ተፈራ ደግሞ በየቀኑ ይደውላሉ።

«ሌይኦፍ ሊያደርጉን፣ ከሥራ ሊያሰናብቱን ነው መሰለኝ። አንቺ ምን ሰማሽ?»

እኔ የምነግራቸው ትናንት እሳቸው የነገሩኝን ነው። ወሬው በሁለታችን መካከል ሲመላለስ ወፈረ።

በመጨረሻ ቁርጡ መጣ፤ የተዋሐደው ኩባንያ በኛ ስም ይጠራል። ወዲያው ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ።

«እፎይ ይበሉ፣ ጋሼ። ሙሽራው እኛ ነን» አልኳቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብዬም ተረትኩ። ተረቱ ውስጥ መቃብር መኖሩን ያኔ ልብ አላልኩም።

ብዙ ሳይቆይ ለኢንሹራንሱ ጉዳይ አሌክሳንድርያ ተጠራሁ። ቤልትዌይ የሚባለውን የከተማውን ዙሪያ አውራ ጎዳና መንዳት ስለምፈራ ግርማ አደረሰኝ። የተቀበለችኝ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ደግ ሴት ናት። ኮምፒውተሯን አየችና የኔና የባሌ ስም ለምን እንደማይገጥም ጠየቀችኝ፤ ተፋታችሁ እንዴ ማለቷ ነው። ይህን ጥያቄ በየክሊኒኩና በየባንኩ ስመልስ ነው የኖርኩት። ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋት። በኛ አገር ሴት ስትዳር የባሏ ቤት ትገባለች፤ ስሟ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የአባቷ ነው አልኳት።

ሴትዮዋ ሳቀች።

«አሃ፣ እንደ ኩባንያችሁ» አለች።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ከሳቁ በኋላ ነው። ለካ የገዙን እነሱ ናቸው፤ ስማችንን ያስቀሩት ደንበኛው ስለለመደው ብቻ ነው። አሜሪካዊ በዚህ ቢታለል አይገርመኝም። እኔ፣ ስሜን ይዤ የተዳርኩት ሴት፣ ስሙን ያልለቀቀ ሁሉ ወንዱ ነው ብዬ እንዴት አሰብኩ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ ቢሮ ይዘጋል፤ አንቺ ግን እዚህ ወንበር አለሽ፣ ኢንሹራንስሽም አይነካም አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤ ከልቤም ነው። ስለ ጋሽ ተፈራ ስጠይቃት ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። የእሱ ገና አልተወሰነም አለች።

ግርማ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ዳሩኝ።»

ወደዚህ መዛወሬ ገባውና ቁልፉን ሰጠኝ። ከእንግዲህ የየቀን መንገድሽ ነው፣ ዛሬውኑ ልመጂው አለኝ። በግራ በቀኝ የጭነት መኪና እያለፈኝ ወንዙን የሚሻገረው ድልድይ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተፈራ ናቸው። ስልክ በማንሣት እንጀራዋን የምትበላው ሴት ጥሪው እስኪያቆም ድረስ ስልኩን አላነሣችም። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ፤ ለምን አላነሣሽም ብለው ሲጠይቁኝም የምላቸው ይህንኑ ነው።