የእማማ ወንበር ዳገት የወጣበት ስብሰባ

የታችኛው ሰፈር የጎርፍ መከላከል ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
ቦታ፦ የጸሐፊዋ ቤት፣ ሳሎን (ከወንዙ ሃያ ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ባለፈው ክረምት ርቀቱ አልተለካም፣ ወንዙ ሳሎኑ ውስጥ ነበር)
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰብሳቢ
2. ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነርስ፣ ምክትል ሰብሳቢ
3. አናጢው
4. ቤታቸው ዳገቱ አናት ላይ ያለው ወይዘሮ፣ «የላይኛዋ» የሚባሉት
5. ፀጉር አስተካካዩ (ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ በመስኮት ተጠርቶ የገባ)
6. የቤቱ ባለቤት፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የጸሐፊዋ አማት፣ የሰብሳቢውም ታላቅ እህት፣ ዕድሜ ሰማንያ አራት። የተገኙበት ምክንያት፦ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላለ ከወንበራቸው አይነሱም፣ ወንበሩም ሳሎኑ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች «እማማ» ተብለዋል።

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ስለሆነ ተሟልቷል። ጸሐፊ አይቆጠርም።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም

ባለፈው ክረምት ወንዙ ዳር «ውሃ በዚህ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ እንዲተከል ተወስኖ ነበር። ሰብሳቢው ሰሌዳው መተከሉን፣ በሦስተኛው ቀንም ውሃው ሰሌዳውን ይዞት መሄዱን፣ አሁን ከድልድዩ ሥር ተሰንቅሮ እንደሚገኝ ሪፖርት አቀረቡ። አናጢው ጥፋቱ የእንጨቱ ሳይሆን የአነጋገሩ ነው፣ እንዲህ ተቆጥተው ቢያናግሯቸው እሳቸውም እንደማይመለሱ ተናገሩ። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ ያን ያህል እንደማያሳስብ፣ ውሃው እሱ ሱቅ ሲደርስ ቁርጭምጭሚት እንኳ እንዳልሞላ፣ ደንበኞቹም ሲስቁ እንደነበር አስታወሰ።

እማማ፦ «ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ሰብሳቢው እማማ ድምፅ የሌላቸው መሆኑን አስታወሱ። እማማ ድምፃቸው ጤነኛ መሆኑን፣ የታመመው ጉልበታቸው ብቻ መሆኑን ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ «እባክህ» የሚል ቃል የተጨመረበት አዲስ ሰሌዳ እንዲተከል ተወሰነ።

ጸሐፊዋ እጇን አነሳች። ሰብሳቢው ጸሐፊ ስትናገር ንግግሯን የሚጽፍ ሰው እንደማይኖር አስረዱ። እጇ እንዲወርድ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የአቅመ ደካሞች ምዝገባ

ምክትል ሰብሳቢዋ ከአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ አነበቡ። እያንዳንዱ ሰፈር ጎርፍ ሲመጣ በራሳቸው መውጣት የማይችሉ ሰዎችን እንዲመዘግብ፣ በእያንዳንዱም ስም ፊት የሚሸከማቸው ሰው ስም እንዲሞላ ያዛል። አናጢው ደብዳቤው የደረሰው ከጎርፉ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ጅብ መንገድ ላይ እንዳለ በመስኮት ወደ ደመናው አመለከተ።

ጸሐፊዋ አስቀድማ ያዘጋጀችው ረቂቅ ቀረበ። አንድ ስም ብቻ ነበረበት፣ የእማማ።

እማማ፦ «ማን ነው አቅመ ደካማ? ሰርዢው! ሰርዢው አልኩሽ! እጄን ጨብጪኝና እንይ።»

ተሰረዘ። (ማስታወሻ፦ ባለፈው ክረምት ውሃው የእማማ ወንበር መቀመጫ ጋ ደርሶ ነበር። ጸሐፊዋ ብቻዋን ከነወንበራቸው ልታነሳቸው ስላልቻለች፣ ውሃው እስኪጎድል ሁለት ሰዓት ሙሉ እግራቸውን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆይታለች። የጠየቀ ስላልነበረ በቅንፍ ተመዝግቧል።)

ምክትል ሰብሳቢዋ ሌላ የሚመዘገብ ካለ ብለው ወደ ሰብሳቢው ተመለከቱ። ሰብሳቢው ወደ እሳቸው መታየቱ ስድብ መሆኑን፣ ሃምሳ ሰው ጭነው አርባ ዓመት ገደል ለገደል የነዱ ሰው መሆናቸውን አስገነዘቡ። ሌሎች አባላትም በየተራ ተቆጡ። ሰፈሩ ውስጥ አንድም ደካማ እንደሌለ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ምክትል ሰብሳቢዋ ሁለተኛውን ገጽ አነበቡ። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ አንድ ጥንድ የጎማ ቦት ጫማ፣ አንድ የእጅ ባትሪ እና አንድ ብርድ ልብስ ይሰጣል።

ገጹ እንዲደገም ተጠየቀ፤ ተደገመ። ከዚያ ሰብሳቢው እንደተቀመጡ አነከሱ።

ሰብሳቢው ቀኝ እግራቸው አርባ ዓመት ፍሬን ሲረግጥ ስለኖረ አሁን መቆም እንጂ መሄድ እንደማያውቅ ገለጹ። አናጢው ወገባቸው በሁለት ምስማር ብቻ እንደተያዘ ተናገሩ። ምክትል ሰብሳቢዋ ዓይናቸው ከእንግዲህ ፊደል እንደማይለይ፣ ያለ መነጽር ካነበቡት ደብዳቤ ላይ ቀና ብለው አስታወቁ። ፀጉር አስተካካዩ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ገለጸ።

አናጢው፦ «ታዲያ ትናንት ምላጭ ይዞ ጉሮሮዬ ላይ ሲመላለስ የነበረው የማን እጅ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ መንቀጥቀጡ ከምሳ በኋላ ብቻ እንደሚመጣ አስረዳ። አናጢው የተላጩት ከምሳ በኋላ መሆኑን ገልጸው ስብሰባው እስኪያልቅ አንገታቸውን ሲዳስሱ ቆዩ።

የላይኛዋ ጎርፍ ቤታቸው ደርሶ እንደማያውቅ አምነው፣ እንቁራሪት ግን እንደሚደርስ፣ እንቁራሪት ሲያዩ ደግሞ እግራቸው እንደሚከዳቸው በዕንባ ተናገሩ።

እማማ፦ «ይህን ሁሉ በሽተኛ ታቅፌ ነው እንዴ የምኖረው? ምሕረቱን ያውርድላችሁ።»

ከረጅም ውይይት በኋላ አምስቱም አባላት አቅመ ደካማ ሆነው ተመዘገቡ።

ምክትል ሰብሳቢዋ በእያንዳንዱ ስም ፊት ተሸካሚ ካልተሞላ ቦቱ እንደማይላክ አሳሰቡ። አባላቱ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። ያልታመሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ጸሐፊዋና እማማ። ጸሐፊዋ እጇን አነሳች። ጸሐፊ እንደማይቆጠር፣ በጎርፉም ጊዜ ቃለ ጉባኤ መያዝ እንዳለባት ተገለጸላት።

በዚህም መሠረት ራሳቸውን ጤነኛ ያሉት እማማ የሰፈሩ ነፍስ አዳኝ ሆነው እንዲሾሙ፣ ጎርፍ ሲመጣም አምስቱን አባላት በሥልጣን ቅደም ተከተል ተሸክመው ዳገቱ ላይ እንዲያወጡ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። በመጀመሪያ የመታዘል ተራው ለሰብሳቢው ሆነ።

እማማ ሰብሳቢውን ከራስ እስከ እግር ተመለከቱ። ቀጥለውም ለወንድማቸው፦ «በልጅነትህ ወንዝ ሲሞላ በጀርባዬ አዝዬ አሻግሬህ የለ? ያኔም እንደዛሬው ትከብድ ነበር፣ ድቡልቡል!» አሉ።

ሰብሳቢው፦ «እቴቴ፣ ሰው ፊት!»

ሰብሳቢው ይህ ቅጽል ስም በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር አሳሰቡ። ማሳሰቢያው ሰፍሯል።

እማማ፦ «ሹመቱን ተቀብያለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ነፍስ አዳኝ ከጎርፉ ሥር ተቀምጦ ማንን ያድናል? ገመድ የሚወረውር ሰው ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚቆመው። በሉ ቦታዬን አስይዙኝ።»

ሰብሳቢው ጥያቄው አግባብ መሆኑን፣ ሹፌሩ መሪው ጋ ሳይቀመጥ ተሳፋሪ እንደማይጫን አረጋገጡ። አናጢው አቅመ ደካማ እንዴት ነፍስ አዳኝን ይሸከማል ሲሉ ጠየቁ። ምክትል ሰብሳቢዋ ጎርፍ በሌለበት ሰውን ማንሳት ነፍስ ማዳን ሳይሆን ሹመኛን ወደ ሥራ ቦታ ማድረስ ስለሆነ ደብዳቤው እንደማይከለክል አብራሩ። እማማ ከነወንበራቸው ዳገቱን እንዲወጡ፣ ይህም ዝናብ ሳይጀምር እንዲፈጸም ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ከረፋዱ 5፡20 ላይ ወንበሩ ተነሳ። የፊቱን ሁለት እግር ሰብሳቢውና አናጢው፣ የኋላውን ፀጉር አስተካካዩና ጸሐፊዋ ያዙ። በዚህ ምክንያት የሚቀጥሉት አሥራ አንድ ደቂቃዎች ከትውስታ የተጻፉ ናቸው።

ሰብሳቢው «ቀስ! ቀስ! ቀኝህን ያዝ!» እያሉ መሩ። አናጢው ወንበሩን የሠሩት አባታቸው መሆናቸውን፣ መጋጠሚያው እስከ ዛሬ አንዴ እንኳ እንዳልተንቋቋ ዳገቱን ሙሉ ሲያስረዱ ወጡ። ፀጉር ቤቱ ጋ ባለው መታጠፊያ ሰብሳቢው ያለ ምልክት መታጠፍ ክልክል መሆኑን አስታወቁ። ፀጉር አስተካካዩ ምልክት ለማሳየት ግራ እጁን ዘረጋ። ወንበሩ አዘነበለ።

እማማ፦ «እጅህን መልስ አንተ! ሰው ነው የያዝከው፣ ጎማ መሰለህ?»

እጁ ተመለሰ። አልተንቀጠቀጠም።

የጉዞው መድረሻ ከላይኛዋ ቤት አለፍ ብሎ ያለው ትምህርት ቤት ነበር። ሆኖም የላይኛዋ በረንዳ ላይ ሲደረስ አናጢው ወገባቸውን ስላስታወሱ ወንበሩ እዚያው ተቀመጠ። ከበረንዳው ወንዙ ይታያል፤ ደፍርሷል። ማካፋት ጀመረ።

እማማ፦ «አይዟችሁ፣ ተንፍሱ። ለመሆኑ እግሩን የታመመው ማን ነበር?»

ሰብሳቢው ወዲያው ማነከስ ጀመሩ።

ምክትል ሰብሳቢዋ ግን ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የምዝገባ ቅጽ አውጥተው ከታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ በሩቁ አነበቡ። ተመዝጋቢው ዕቃ ማንሳት የማይችል መሆኑን ኮሚቴው በፊርማው ያረጋግጣል ይላል። ወንበር ከነሰው ይዞ ያለ ዕረፍት ዳገት የወጣ ሰው እንደማይፈረምለት እያዘኑ ገለጹ። የላይኛዋ እሳቸው የእማማን ትራስ ብቻ ይዘው እንደወጡ አስረዱ። ትራሱ ተመዘነ። ከባድ ሆኖ ተገኘ።

ጸሐፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ እጇን አነሳች። ሰብሳቢው ደክሟቸው ስለነበር ፈቀዱ። ጸሐፊዋ፦ «ታች ብቻችንን ነን። ውሃው ሲመጣ ማን ይደርስልናል?» አለች። ይህን የጻፈችው ራሷ ናት፣ ስለዚህ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው።

ጥያቄው ውይይት አልተደረገበትም። ሰብሳቢው ወደ ወንዙ፣ ከዚያም ወደ እህታቸው እግር ተመለከቱ። ቀጥሎ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አንደኛ፣ ሰሌዳው፣ «እባክህ» የሚለው ቃል፣ የአቅመ ደካሞች ዝርዝርና የነፍስ አዳኟ ሹመት ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዘዋል።

ሁለተኛ፣ ሹመቱ ስለተሰረዘ ወንበሩን ወደ ዳገቱ ማውጣትም እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ እማማ ወደ ነበሩበት ይመለሱ።

ለመመለስ ተሸካሚ ተጠየቀ። አናጢው ወገባቸውን ያዙ። ፀጉር አስተካካዩ የምሳ ሰዓት መድረሱን ገልጾ እጁን አንቀጠቀጠ። ሰብሳቢው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሆነ እግር ይዞ መውረድ ለተሳፋሪዋ አደገኛ መሆኑን፣ ይህንንም በኃላፊነት እንደሚናገሩ አስታወቁ። ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሱም።

የላይኛዋ፦ «እማማ፣ እርስዎ እንቁራሪት ይፈራሉ?»

እማማ፦ «እኔ? እንቁራሪት ነው እኔን የሚፈራው።»

የላይኛዋ የበረንዳውን ክፍል ከፈቱ፤ ሁለት አልጋ እንዳለውም ተናገሩ። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ጉዳዩ እንዳይነሳ ስምምነት ተደረሰ።

ጸሐፊዋ ልብስ ልታመጣ ወደ ታች ከመውረዷ በፊት እማማ ጠጋ አድርገው፦ «አቅመ ደካማ ብለሽ የጻፍሽው ሳይሰረዝ ቢቀር ኖሮ፣ ልጄ፣ እስካሁን እዚያው ታች ዝርዝር ውስጥ ተቀምጬ ነበር» አሏት። በሹክሹክታ የተነገረ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ስብሰባው 6፡25 ላይ ተዘጋ። የተወሰነው ሁሉ ተሰርዟል። ወንበሩ ዳገቱ ላይ ነው።