አንደኛ የወጣው ሣጥን ቤት

ጋሽ ጥዱ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ የሬሳ ሣጥን እየሠሩ ይሸጣሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈርተኛው ነው፤ ከጥድ በቀር ሌላ እንጨት አይነኩም። ሥራቸው ማስታወቂያ ፈልጎ አያውቅም። ሰው በሆስፒታሉ አንዱ በር ታሞ ይገባል፤ ዘመዶቹ በሌላኛው በር እያለቀሱ ይወጣሉ፤ መንገዱን ተሻግረው እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። በዚህ ዓይነት ልጆቻቸውን አሳድገው ድረዋል።

ጣጣው የመጣው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሣጥን ሠሪ ሱቅ የከፈተ፣ ቀጥሎም ድረ ገጽ የከፈተ ጊዜ ነው። ሱቁን ችለውት ነበር፤ ድረ ገጹን ግን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ሰው ሞቶበት ስልክ የሚነካካ ማን ነው ብለው ለባለቤታቸው አማረሩ። እሷም ስልክ የማይነካካ ማን አለ አለቻቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው በነጋታው አማካሪ ቀጠሩ።

አማካሪው ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ካርዱ ላይ «የዲጂታል ታይነት ከፍተኛ ባለሙያ» የሚል ተጽፎበታል። መቀመጫ ቢያጣ አንድ ያላለቀ ሣጥን ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ማስረዳት ጀመረ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ ያ የሚጽፈው ቃል ቁልፍ ቃል ይባላል፤ ቃሉ እርስዎ ገጽ ላይ ካለ ሰውየው እርስዎን ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ለጋሽ ጥዱ ገብቷቸዋል።

«እንግዲያው ‹የሬሳ ሣጥን› ብለህ ጻፍልኛ» አሉት።

አማካሪው በሐዘኔታ አያቸው። «ጋሼ፣ ‹የሬሳ ሣጥን› ብሎ የሚፈልግ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ብዙ ፈላጊ ያለው በሕይወት ባለው ሰው ዘንድ ነው።»

ጋሽ ጥዱ እስከ ዛሬ ሣጥን የሸጡት በሕይወት ላለ ሰው ብቻ ነው፤ ሟች መጥቶ ዋጋ ተከራክሯቸው አያውቅም። ቢሆንም ነገሩ የተማረ ሰው ነገር ነውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አማካሪው ሕዝቡ ምን ምን እንደሚፈልግ አጥንቶ ተመለሰ። በጥናቱ መሠረት ሕዝቡ የሚፈልገው ምቹ አልጋ፣ ጸጥ ያለ ሰፈርና አከራይ የማይጨቀጭቅበት ቤት ነው። ጥናቱ ስህተት የለውም። የቀረው እነዚህን ቃላት ከጋሽ ጥዱ ሥራ ጋር ማስታረቅ ነበር፤ እሱም ያን ያህል አላስቸገረም። ድረ ገጹ ሲከፈት እንዲህ ይላል፦ «ምቹ አልጋ ይፈልጋሉ? የእኛ ምቹ አልጋ ከምቹ አልጋዎች ሁሉ የበለጠ ምቹ አልጋ ነው። አንዴ የተኛበት ሰው ተነሥቶ አያውቅም። ጸጥ ያለ ሰፈር። አከራይ የማይደርስበት ቤት።» ሣጥን የሚለው ቃል ከግርጌ በደቃቅ ፊደል አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። እሱንም ወደፊት እናጠፋዋለን ብሏል አማካሪው።

ባለቤታቸው መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችና፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ዛቻ ብላ ጠየቀች።

ብዙም ሳይቆይ ሰው ስልኩ ላይ አልጋ ብሎ ሲፈልግ ገጹ አንደኛ ወጣ፤ ሰውም ይጎርፍ ጀመር። መጀመሪያ የመጡት ሊጋቡ ቀን የቆረጡ እጮኛሞች ናቸው። ልጅቷ ክዳኑን አንሥታ የውስጡን ጨርቅ ዳሰሰችና ወደደችው። ልጁ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ልጅቷ ያላችሁ ባለ አንድ ሰው ብቻ ነው ወይ ስትል ጋሽ ጥዱ እውነቱን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ጎብኚን ማስደንገጥ ደረጃ ያወርዳል የሚለው የአማካሪው መመሪያ ትዝ አላቸው። በትእዛዝ ባለ ሁለትም እንሠራለን አሏት። ልጁ እጇን ይዞ ወጣ። ሠርጉ ለጊዜው መራዘሙ በኋላ ተሰማ።

ቀጥሎ ከአከራዩ ጋር የተጣላ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መጣ። ሣጥኑን ዙሪያውን ዞሮ ቁመቱን በዓይኑ ለካና፣ አሁን ካለሁበት አይጠብም አለ። ቅር ያሰኘው የመስኮቱ ነገር ብቻ ነበር። አስቦ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ።

ሐዘንተኛ ግን ጠፋ። አንድ ቀን ወንድሙ የሞተበት ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ገባ። ጋሽ ጥዱ በዚያን ጊዜ ሬሳ ማለት ትተዋል፤ በሱቁ የሚነገረው ሁሉ ገጹ ላይ ካለው ጋር መጣጣም አለበት ተብለዋልና።

«የተጠቃሚው ቁመት ስንት ነው?» አሉት።

«የምን ተጠቃሚ?»

«ምቹ አልጋው ላይ የሚያርፉት።»

ሰውየው እንባውን ጠርጎ ትንሽ አያቸውና ወደ ማዶ ተሻገረ።

ጋሽ ጥዱ ለአማካሪው ሽያጭ ቆመ ብለው ስሞታ አቀረቡ። እሱም ሽያጭ የድሮ ሰው መለኪያ መሆኑን፣ ዛሬ የሚቆጠረው ታይነት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ የጎብኚውን ቁጥር የሚያዩ ሰው ሆኑ። ቁጥሩ ሲጨምር የምግብ ፍላጎታቸው ይከፈታል፤ የሚበላው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ መጣ።

በዚህ መሀል የባለቤታቸው አጎት አረፉ። መርዶው ሲደርሳት የአጎቷ ልጅ ሁሉን ነገር ጨርሶ ነበር። ከለቀስተኛው ጋር ሲደርሱ ሟቹ ዋርካ በሚያህል ጌጠኛ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ ሣጥኑ የማዶው ሰውዬ ነው። ሚስማሩን ሲያዩ ነው ጋሽ ጥዱ የለዩት። ባለቤታቸው ለቅሶዋን አቋርጣ የአጎቷን ልጅ ወደ ጥግ ጠራችው፤ ጋሽ ጥዱም ተከተሏቸው።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «ዋጋ ልይ ብዬ ገጽዎን ስከፍት ሥራ ቀይረው የአልጋ መሸጫ የከፈቱ መሰለኝ። አባቴ ሞቶ አልጋ ነጋዴ ጋ እንዴት ልደውል?»

ወደ ቤት ተመልሰው በር ላይ ሲደርሱ ባለቤታቸው፣ «ባሌ ሣጥን ሠሪ ሆኖ አጎቴን በሰው ሣጥን ቀበርኩ» አለች።

ጋሽ ጥዱ እፍረቱ አንገበገባቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው አማካሪውን ሊያባርሩ ደወሉ። እሱ ቀድሟቸው የምሥራች አለ። ዛሬ የገጹ ጎብኚ እስከ ዛሬ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ደርሷል። ለካ ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ እውነት ሰውዬው አልጋ ነጋዴ ሆነ እንዴ እያለ ስልኩን ሲከፍት ነው የዋለው።

ጋሽ ጥዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ደረሰ?» አሉ።

እንዲህ ያለ ውጤት ደግሞ ተደብቆ መቅረት የለበትም። አማካሪው አዳራሽ ተከራይቶ «በቁልፍ ቃል ደንበኛን የመሳብ ጥበብ» የሚል ሥልጠና አዘጋጀ፤ ጋሽ ጥዱም በተውሶ ሱፍ ዋና ተናጋሪ ሆነው ተጋበዙ። ጥርስ ሐኪሙም፣ ጫማ ሰፊውም፣ የማሽከርከር አስተማሪውም ተሰብስቧል። ጋሽ ጥዱ ድምፅ ማጉያውን እንደጨበጡ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ናት። እናቷ የሞተችባት ሴት ሱቁ በር ላይ ቆማ ሣጥን እየጠየቀች ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ የት ነው አለቻቸው።

ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ማዶ ላኪያት» አሉ ጋሽ ጥዱ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው። «አሁን አይመቸኝም፤ ደንበኛ እንዴት እንደሚመጣ እያስተማርኩ ነው።»