ከላይ ቆላ፣ ከታች ደጋ

ደብረ ብርሃን ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረና ጣሪያውን ቀና ብለው ሲያዩት ሻሽ በሚያስወድቅ አዳራሽ ውስጥ የሴቶች ማኅበር ጫጩት ያሳድግ ነበር። ሊቀመንበሯ እትዬ ይመኙሻል ከጫጩቶቹ ብሰው ይንጫጩ ነበር። ወደው አይደለም፤ ሁለት ዙር ጫጩት በብርድ አልቆባቸዋል። ይኼኛውም ካለቀ ማኅበሩ ይፈርሳል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ቀን ከሌት ይግላል። ጫጩቶቹ ግን ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። ሙቀት መለኪያው፣ ሰው እንዳይሰብረው ተብሎ፣ ከላይ ማገሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሁልጊዜ «ሞቋል» ይላል። ማገሩ ላይ የሰፈሩት ድንቢጦችም ክንፋቸውን ዘርግተው ይመሰክሩለታል።

«መለኪያው ሞቋል እያለ ምን ያንቀጠቅጣቸዋል?» አሉ እትዬ።

«አመል ሆኖባቸው ነዋ!» አለች ምክትላቸው ዘነቡ።

ሌላ ማሞቂያ ተጨመረ። ድንቢጦቹ ወፈሩ።

ሦስተኛውን ሊቀጥል የመጣው ኤሌክትሪሽያን ደምሰው መሰላል ወጣ። መሃል ላይ ካፖርቱን ጣለ፤ ጫፍ ሲደርስ ሹራቡንም ወረወረ።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ቆላ ነው! ሙዝ ሳይበቅል አይቀርም!»

«አንተ፣ ወፎቹ ፊት አትራቆት!» አለች ዘነቡ።

«ማሞቂያ አልጨምርም። የጣሪያ ማራገቢያ ነው የሚያስፈልጋችሁ።»

«በብርድ ላይ ማራገቢያ? ጭራሽ ንፋስ ልታስመታብኝ ነው?»

«እስቲ መጀመሪያ ይውጡና ይዩት።»

እትዬ እየተሳደቡ ወጡ። ሲወርዱ አልተሳደቡም፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ዓይናቸውም እንደዚያው።

«የልጆቼ ሙቀት ለካ እዚያ ነው የከረመው» አሉ። «በል ስቀለው።»

ማራገቢያው ተሰቀለ። እንደ ጥሩ ሽማግሌ ነበር፤ ሳይጮህ፣ ማንንም ሳይገፋ፣ በቀስታ የላዩን ወደ ታች ያወርዳል። መለኪያው ላይ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ አለ። ድንቢጦቹ አገር ጠፋ ብለው ጮኹ፤ በኋላ ግን ክንፋቸውን ሰብስበው ዝም አሉ፤ በረደን ብሎ የሞተም የለም። ታች የጫጩቱ ክምር ተበተነ። አንዷ እግሯን ዘርግታ ስትተኛ እትዬ ሞተች ብለው ደንግጠው ቢያነሷት፣ ለምን ቀሰቀሱኝ ብላ ጮኸችባቸው።

ከሁለቱ ማሞቂያዎች አንዱ ጠፋ። ማንም አልበረደውም።

እትዬ የደምሰውን ግንባር ሳሙ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደኛ ይሙቅህ።»

«እኛ እኮ እሳቱ አነሰን እያልን ስናማው ነው የከረምነው!» አለች ዘነቡ።

«እሳቱማ ድሮም አላነሰንም ነበር» አሉ እትዬ ቀና ብለው። «ታችም ነፍስ እንዳለ የሚነግረው አጥቶ ነው እንጂ።»