የጀማል ተራራ እኛ ሰፈር እንዴት እንዳደገ

ይህን ነገር የነገረችኝ ለተብርሃን ናት፤ ያኔ ግድግዳ የምንጋራት የአቶ ሀጎስ ሚስት። ሾላ ገበያ በርበሬ ልንገዛ ስንሄድ ጀመረችልኝ፣ ስንመለስ ጨረሰችልኝ። በርበሬውን ረስተን ድንች ይዘን ገባን። የመጨረሻውን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት። እዚያ ላይ ከዋሸሁ ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የሷ ነው።

ነገሩ የሽምግልና ነው። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን፤ የወሎ ሰው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ በኋላ ላምበረት ጎማ ቤት ከፈቱ። ዝምተኛ ነበሩ። በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሽ የሚቀንሱ ይመስሉ ነበር። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ከድጃ። ያኔ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች፤ ፍልቅልቅ ያለች፣ እግሯ መሬት የማይነካ ልጅ።

ከድጃን የፈለጋት ጀማል ነው። እሱም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አቶ ሀጎስ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነው ያደገው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጎ ጠፋ፤ ከዓመታት በኋላ ስዊዘርላንድ ተገኘ። ከከድጃ ጋር አራት ዓመት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ደብዳቤው በማን በኩል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ተዉት። መስከረም ላይ በፈቃድ መጣ። በረዶ ሳይጥል መመለስ ነበረበት። ያን ዓመት ካልሆነ ሌላ ፈቃድ መቼ እንደሚያገኝ እሱም አያውቅም ነበር። ከድጃ ደግሞ ለእናቷ፣ እሱ ካልሆነ ማንም አይሆንም ብላ ቁርጡን ነግራታለች። እናት ምን ታደርግ? አባትየው ፊት አፍ አውጥታ አትናገር።

የጀማል አባትና እናት አርፈዋል። ስለዚህ ሽማግሌ የሆኑት አቶ ሀጎስ፣ የጀማል አጎትና ከመስጊድ አንድ አዛውንት ናቸው። ተናጋሪው አቶ ሀጎስ። ትግሬው ወሎዬው ቤት ሊናገር ነው እያለ ሰፈሩ ይስቅ ነበር። እና ከመሄዳቸው በፊት አቶ ሀጎስ ልጁን ጠርተው፣ "ሥራው ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?" አሉት።

ጀማል የሚሠራው በረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ነው። ለተብርሃን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰምታዋለች። ሰዉን ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ አለ። ወንበሩ በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይወስዳቸዋል። ለአቶ ሀጎስ ሲኒማ በር ላይ ትኬት እንደሚቆርጠው ሰውዬ ነው የታያቸው። "ይሄን ለኔ ተወው፤ ስለ ተራራው ንገረኝ" አሉት።

ነገራቸው። ተራራው በፊት የከብት አገር ነበር። ሰዉ ላም ያረባል፣ አይብ ይሠራል፣ ብርዱ ሲመጣ ከከብቱ ጋር ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ድሃ ናቸው። ልጆቻቸው እየተሰደዱ ያልቁ ነበር አለ። ስዊዘርላንድ ሰው ይሰደድ ነበር እንዴ? ነበር አለ። ከዚያ አንድ ሳምባውን የታመመ ሀብታም ለንጹህ አየር ወደ ተራራው ተላከ። ገበሬ ቤት ተከራየ። ሲሻለው ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታ እግሩ ላይ ሁለት ሳንቃ አስሮ ከተራራው ተንሸራተተ። ሳይሞት ቀረ። ለጓደኞቹ ጻፈላቸው፣ መጡ። ግማሽ ቀን ሙሉ ይወጣሉ፣ በሩብ ሰዓት ይወርዳሉ። ለምን? እኔን አትጠይቁኝ። አቶ ሀጎስም ጠይቀውት ነበር፤ "ደስ ይላቸዋል" ነው ያለው።

ከዚያ አንዱ የመንደሩ መካኒክ የአሮጌ መኪና ሞተር አቁሞ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ሰዉን እየጎተተ ማውጣት ጀመረ። ነገር የተለወጠው ያኔ ነው። ገመዱ ሽቦ ሆነ፣ ሽቦው ላይ ወንበር ተንጠለጠለ። ገበሬው በረቱን አልጋ ቤት አደረገው፣ የልጅ ልጁ አልጋ ቤቱን ሆቴል አደረገው። መንገድ ገባ፣ ባቡር ገባ። በረዶ አልጥል ያለ ዓመት በረዶ የሚተፋ ማሽን ተገዛ። ላሞቹ አሁን ያሉት ፖስት ካርድ ላይ ነው አለ። እኔን ይሄ ብዙም አልገረመኝም። እኛ ሰፈር፣ ቦሌ፣ ስገባ ከቤቴ ኋላ ላም ትግጥ ነበር፤ አሁን ቪላ በቅሎበታል፣ ለላሟ ፎቶ ያነሳላት እንኳ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ሰይድ ቤት ሄዱ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ ታውቃላችሁ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። አቶ ሀጎስ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እና ያንን ሁሉ ታሪክ፣ ከላሟ እስከ ባቡሩ፣ ቆመው ነው የተናገሩት። ባቡሩ ላይ ሲደርሱ አንዱን እግር እያነሱ አንዱን ይጥሉ ነበር። ጀማል እዚያ ተራራ ላይ ኃላፊ ነው ብለው ጨረሱ።

ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ሰሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ሲወርዱ ፍሬኑ ምንድን ነው?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አጎትየው፣ ሳንቃው ላይ የሆነ ነገር ሳይኖረው አይቀርም አሉ። ጋሽ ሰይድ፣ እንግዲህ ቤተ ዘመድ ላማክርና ሌላ ቀን ኑ ብለው ሸኟቸው።

አቶ ሀጎስ ቤታቸው ሲገቡ ሰውየው ንቆናል አሉ። ተራራው አንሶት ነው፣ የልጁን ሀብት አጉልተን አልተናገርንም አሉ። ይሄኔ ለተብርሃን ወደ ሾላ ሄደች፣ እኔም አብሬ፤ ተራራው ማደግ የጀመረው ያኔ ነው። ጀማል ኃላፊ ነው የተባለው ሐሙስ ቀን ሽንኩርት ተራ ሲደርስ የወንበሮቹ ባለቤት ሆነ። ቅዳሜ አንድ ሆቴል ተጨመረለት። ሁለተኛውን ሆቴል የጨመርኩት እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም። አንዲት ሴትዮ፣ ለአንድ ሆቴል ይሄን ያህል ታወራላችሁ እንዴ ስትለኝ ንዴት ያዘኝ። ሃያ ሁለት ያሉ ደላሎች ጀማል የካ ተራራ ላይ በረዶ ሊያስገባ ነው ብለው ዳገቱን ይዋዋሉበት ጀመር። አንዱ ደላላ ራሱን ጀማልን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ተዳፋት ቦታ አለኝ፣ ለመንሸራተት የሚመች፣ ብሎታል።

ጀማል ይሄን ሲሰማ አቶ ሀጎስ ዘንድ ሄዶ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩልኝ አላቸው። አቶ ሀጎስ ተቆጡት። "አንተ ልጅ፣ ሽምግልና የላክኸኝ እኔን ነው፣ አንተን አይደለም።"

ሁለተኛው ቀን አቶ ሀጎስ አንዱን ሆቴል ይዘው ገቡ። ጋሽ ሰይድ ሰሙ፣ ሰሙና፣ "መልካም። ፍሬኑስ?" አሉ። አቶ ሀጎስ፣ ሆቴሉ መቶ አልጋ እንዳለው ተናገሩ። ሌላ ቀን ኑ ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። እኛ ጋሽ ሰይድ ለምን ስለ ፍሬን እንደሚጠይቁ ጠፍቶን አልነበረም። ወንድማቸው ነው። ሁለቱም በየመኪናቸው ተከታትለው ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ፣ ከፊት ያለውን የወንድማቸውን መኪና ፍሬን እምቢ አለው። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ሆነው አዩት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ግን ሰው ስለ ሆቴል ሲያስብ ሌላው ነገር አይታየውም። እኔም አልታየኝም።

ሦስተኛው ቀን የጀማል ፈቃድ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ወጥ ላግዝ ጋሽ ሰይድ ማድ ቤት ገብቼአለሁ፤ በሩ ወደ ሳሎን ገርበብ ያለ ነው፣ ሽንኩርቱን እዚያው በር ላይ ተቀምጬ ከተፍኩት። ከድጃ አጠገቤ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። አቶ ሀጎስ ያን ቀን ሁለቱንም ሆቴል፣ ባቡሩንም ጭምር ይዘው ነው የመጡት።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አነሱ። "አቶ ሀጎስ፣ ስለ ሆቴል ጠይቄህ አላውቅም። ያ ሰው ከተራራው ሲወርድ በምን ይቆማል? ሦስተኛዬ ነው።"

"በፈጣሪ ፈቃድ ይቆማላ።"

"ወንድሜም እንደዚያ ነበር የሚለው" አሉ ጋሽ ሰይድ። ከዚያ፣ "ልጁን ጥሩልኝ።"

ሙሽራ በሽማግሌ መሀል ይጠራል? እኛ ዘንድ አይጠራም፣ እነሱም ዘንድ አይጠራም። አጎትየው ነውር ነው ሊሉ ጀምረው ተዉት። ጀማል ማዕዘኑ ላይ ያለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበርና አመጡት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እንዴት ነው የሚቆመው?"

"እኔ ተንሸራትቼ አላውቅም፣ አባባ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ቆይተህ?"

"አንድም ቀን። እፈራለሁ። ሥራዬ ታች ነው።"

አቶ ሀጎስ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ሁለቱ ሆቴሎች ዓይኔ እያየ ፈረሱ።

"ታች ምን ትሠራለህ?"

"ወንበሩ ሲመጣ ሰው አስቀምጣለሁ። ወንበሩ አይቆምም፣ እየዞረ ነው የሚያነሳቸው። ልጅ ሲወድቅ፣ የሰው ልብስ ሲያዝ፣ አጠገቤ ቀይ ቁልፍ አለች፣ እሷን እጫናለሁ።"

"ስትጫን?"

"ይቆማል።"

"የቱ ነው የሚቆመው?"

"ሁሉም። ከታች እስከ ተራራው ጫፍ።"

ጋሽ ሰይድ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። "እምቢ ብሎህ ያውቃል?"

"አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይሳፈር ባዶውን አስነሳና አቆመዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ሳይቆም ሰው አላስወጣም።"

"አለቃህ ቶሎ በል ቢልህስ?"

"ብሎኝ ያውቃል። ሰልፉ ረዝሞ ነበር። አላስወጣሁም፣ ደመወዝ ቀጡኝ።"

እኔ ሽንኩርት መክተፌን አቆምኩ። ከድጃ ትከሻዬን ጨብጣኝ ነበር፣ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ "ምን ቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ" አሉ።

አቶ ሀጎስ እንዲህ ቶሎ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

"ይሄን ይዛችሁ ነው ሆቴል ስታመላልሱብኝ የከረማችሁት?" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ሆቴሎቹን ለባለቤቶቻቸው መልሱ።" አንደኛው የኔ ስለሆነ ወደ ድስቱ ዞርኩ።

ኒካው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ታሰረ። ልጁ ሰርጉን በላ፣ ሚስቱን ትቶ ሄደ፣ የመሄጃ ወረቀቷ ሲያልቅላት እሷም ተከተለችው። ጋሽ ሰይድ ላምበረት ጎማ ሊያስጠግን ለሚመጣ ሾፌር ሁሉ፣ አማቼ የተራራ ፍሬን ነው እያሉ ያወሩ ነበር። ሾፌሮቹ ይገባቸው ነበር መሰለኝ፣ አይስቁም።

አቶ ሀጎስ የጉልበታቸው ሕመም ጠንቶባቸው ሽምግልና ትተዋል። እሳቸውንና ለተብርሃንን ልጃቸው ገርጂ ቤት ሠርታ ወሰደቻቸው፤ አሁን ከሷ ጋር ወሬ በስልክ ነው የምንለዋወጠው። ደላላው የየካውን ዳገት ለሌላ ሰው ሸጦታል። ጀማል ዛሬም ታች ቀዩ ቁልፍ አጠገብ ነው። ከድጃ በሁለተኛው ዓመት መንሸራተት ተማረች፤ አሁን ከተራራው ጫፍ እየወረደች ልጆች የምታስተምረው እሷ ናት፤ ፎቶውን የላከችው ለአባቷ ሳይሆን ለኔ ነው። ጋሽ ሰይድ ባለፈው ዓመት አልጋቸው ላይ አረፉ። አልነገርኳቸውም።