የደንባሪት የተስተካከለ ስኳር

በአግባቡ የሚመራ ቤተሰብ የማይፈታው ችግር እንደሌለ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው አንዲት ድመት በታመመች ጊዜ ነው። የቤቱ አባወራ ከመሥሪያ ቤታቸው በጡረታ ቢገለሉም ከሰብሳቢነት ግን አልተገለሉም፤ ባለቤታቸውና ልጃቸው ሳይቀሩ "ሰብሳቢው" ይሏቸዋል። ድመቷ ደንባሪት ትባላለች። ማንኪያ ሲወድቅ ሶፋ ሥር ትገባለች፤ ማንኪያው ሲነሳ ደግሞ እንደ አዲስ ትደነግጣለች።

ሕመሟ ስኳር ሆኖ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሟ ጠዋትና ማታ የሚወጋ ኢንሱሊን አዘዘችላት። ችግሩ ደንባሪት ክሊኒክ ስትገባ ከፍርሃቷ ብዛት ስኳሯ ሽቅብ ስለሚወጣ እዚያ የሚለካው ብዙም አለመታመኑ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ፣ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳችሁ፣ ረጋ ብላችሁ፣ ያለ ግርግር ለኩ አለቻቸው።

ሰብሳቢው "ያለ ግርግር" የምትለዋን ቃል በጥሞና ሰሙና ቤት እንደገቡ ስብሰባ ጠሩ።

በመክፈቻ ንግግራቸው የድመቷ ስኳር የሁላችንም ጉዳይ መሆኑን፣ የተቀናጀ ርብርብ እንደሚጠይቅና ወደ ኋላ የሚመለስ እንደማይኖር አስገነዘቡ። ንግግሩ በጭብጨባ ተጠናቀቀ፤ በጭብጨባው ደንባሪት መጋረጃ ላይ ወጣች። ባለቤታቸው አውርደው በፎጣ ጠቀለሏት፣ ልጅቷ የእጅ ባትሪ አበራች፣ ሰብሳቢው የወጥ ቤት ጓንትና የፀሐይ መነጽር አድርገው ቀረቡ። ደም መገኘቱ አልቀረም፤ የተገኘው ግን ከሰብሳቢው አፍንጫ ላይ ነው።

ከዚህ በመነሳት ሥራው ወደ ፈጻሚ አካላት እንዲወርድ ተወሰነ። ፈጻሚ አካላት ማለት ልጃቸው ናት። የእሳቸው ድርሻ ቁርስ ላይ ውጤቱን ማድመጥ ሆነ።

ልጅቷ በመጀመሪያው ጠዋት ያ ትንሽ ሰውነት እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ አንጀቷ አልችል አለ። የመለኪያውን መርፌ የራሷ ጣት ላይ ተጫነችውና ቁጥሩን ይዛ ወደ ቁርስ ሄደች። ቁጥሩ ግሩም ነበር። በማግስቱም ግሩም ሆነ። ሰብሳቢው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ ለሐኪሟም ስልክ ደውለው አበሰሯት። እሷም የሰማችውን አምና መድኃኒቱን ቀነሰች።

ደንባሪት ግን ከሳች። ውሃዋ ላይ ተደፍታ ትውላለች፣ ስትራመድ የኋላ እግሮቿ ይብረከረካሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ድመት እየሞተች ነው" አሉ ባለቤታቸው።

"ቁጥሩ እንደዚያ አይልም" አሉ ሰብሳቢው። "ቁጥሩ ተስተካክሏል። ያልተስተካከለችው ድመቷ ናት።"

ልጅቷ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት አርአያ ነሽ ብለው አመሰገኗት፤ ከተመሰገኑ በኋላ ደግሞ እውነት መናገር ይከብዳል። በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሳቸው ሊለኩ ቆርጠው ተነሱ። ከድመቷ ጋር መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ወጡ። ቁጥሩ ጣራ ነክቷል። ደንባሪትን በቅርጫት ይዘው ሦስቱም ወደ ክሊኒኩ ከነፉ።

ልጅቷ እዚያ አልቻለችም፤ አለቀሰች። እስከዛሬ ስትለካ የነበረው የራሷን ደም መሆኑን ተናገረች። ሰብሳቢው እዚያው የምርመራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው፣ የሐሰት ሪፖርት ቤት እንደሚያፈርስ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ደግነቱ፣ አሉ፣ በቤታችን አንድ እውነተኛ ቁጥር አለ፤ እሱም ዛሬ እኔ የለካሁት ነው።

ሐኪሟ ይህን ጊዜ የደንባሪትን ጆሮዎች ወደ መብራቱ አዙራ ታይ ነበር።

"የዛሬውን ደም ከየት ወሰዱት?" አለቻቸው።

"ከጆሮዋ ነዋ።"

"ጆሮዋ ላይ የመርፌ ምልክት የለም። እስቲ ያንን እጅዎን ከኪስዎ ያውጡት።"

አውራ ጣታቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሐኪሟ የድመቷን ለካች፤ ያ ሁሉ ፍርሃት ተጨምሮበት እንኳ ስኳሯ ከሰብሳቢው ቁጥር ያንስ ነበር። ለድመቷ መድኃኒቷን መለሰችላት፤ ሰብሳቢውን ግን ዛሬውኑ የሰው ሐኪም ጋ እንዲሄዱ አሳሰበቻቸው።

ደንባሪት አገገመች። ባለቤታቸው ማንንም ሳይሰበስቡ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ጉልበታቸው ላይ ያስተኟትና ጆሮዋን በመዳፋቸው አሙቀው በመርፌ ጠቅ ያደርጓታል። እሷም ቁራሽ ሥጋዋን ተቀብላ መልሳ ትተኛለች።

ለሰብሳቢውም ሐኪማቸው በየጠዋቱ ቤታቸው እንዲለኩ አዘዙላቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው መርፌዋን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን ጠሩ።

"ነይ የኔ ልጅ" አሏት፤ "እስቲ ያቺን ጣትሽን አምጪያት። ያንቺ ቁጥር ያምራል።"