የመምህር አባይነህ አንድ ሰዓት

ትምህርት ቤት ጠመኔ ሊያጣ ይችላል፤ ጣሪያውም ሊያፈስ ይችላል። ዕቅድ አውጪ ያጣ ትምህርት ቤት ግን ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ አልተሠራም። ለመንዟ ቀየት ትምህርት ቤት የደረሱት ክቡር መምህር አባይነህ ነበሩ።

መስኮት ተሰበረ ሲሏቸው «በዕቅድ ተይዟል» ይላሉ። ወንበር አነሰ ሲሏቸውም በዕቅድ ተይዟል። ባልደረባቸው መምህርት ይዘንጋሽ «ብሞት ቀብሬም በዕቅድ ተይዟል» እያለች መምህራኑን ታስቅባቸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም.፣ ጡረታቸው ሲቃረብ፣ የመጨረሻውን ዕቅድ አወጡ። የቀየት ዘጠነኛ ክፍልና በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ አጠገብ ያለ ሌላ ዘጠነኛ ክፍል በኢንተርኔት ተገናኝተው ስለ ደጋው ገብስና ስለ ቆላው ማሽላ አንድ መጽሐፍ በጋራ ይጽፋሉ። ዕቅዱ ዐሥራ አራት ገጽ ነው፤ ዓላማ አለው፣ ፈጻሚ አካል አለው። ኢንተርኔት ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስለነበር ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ሰዓት ተፈቀደላቸው። «ከሠራ ይቀጥላል፤ ካልሠራ በዚሁ ይብቃን» አሏቸው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ።

መምህሩ ከቄሱ ጋር ቁጭ ብለው የቀየትን በዓላት አንድ በአንድ አዩ። ገበያም ንግሥም የሌለበት ኅዳር ስምንት ተገኘ። ለዚያኛው ክፍል መምህር ለጫኔም ቀኑን ጻፉ።

ቀኑ ደረሰ። አርባ ልጅ አንድ ኮምፒውተር ከበበ። ህሊና የምትባል ተማሪ በሁለት ጣቷ ፊደል እየለቀመች «እናንተ ጋ ውርጭ እህል ይመታል?» ብላ ጻፈች። መልስ የለም። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ መምህሩ ስልክ ደወሉ።

«መምህር ጫኔ፣ የት ገባችሁ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አርባዕቱ እንስሳ ነው፤ የደብራችን ንግሥ። ልጆቹ ታቦት ሊያጅቡ ወጥተዋል።»

«ታዲያ ቀኑን ስጽፍልህ ምነው ዝም አልክ?»

«እናንተም የምታነግሡ መስሎኝ። ራስዎ አስታውሰው ቀኑን ይለውጡታል ብዬ ነዋ።»

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ከልጆቹ ኋላ የቆመችው ይዘንጋሽ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ በየግምገማው እንደተለመደው ጥፋቱ ወይ በጫኔ ወይ በወረዳው ይላከካል። መምህሩ ግን ቆባቸውን አውልቀው ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ መብራትም አልጠፋ፣ መስመርም አልተቋረጠ። የራሴን ደብር በዓል ብቻ የቆጠርኩ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

ይዘንጋሽ በዐሥር ዓመት ግምገማ ይህን ቃል ከማንም አፍ ሰምታ አታውቅም። ልጆቹ በጭጋግ ውስጥ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሁለተኛ ሰዓት አልተፈቀደም፤ መምህሩም ጡረታ ወጡ። ዛሬም በመምህራን ክፍል ስማቸው እየተነሳ ይሳቃል። ያን ጊዜ ይዘንጋሽ ደብተሯን አንስታ ትወጣለች።