ጄኔራሉ ተራ ሲጠብቁ

ጄኔራሉ የሚተኙት መቼ ነው?

አከራያችን እትዬ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ይጠይቁኛል። የሚጠይቁት እኔን የሆነው የጄኔራሉንና የእኔን ክፍል የምትለየው አንዲት ስስ ግድግዳ ስለሆነች ነው። መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ የጄኔራሉ የኮምፒውተር ማውዝ ቀጭ ቀጭታ ይሰማኛል፤ ሳነብ ሲነጋብኝም ይሰማኛል። ጠዋት ሥራ ሲሄዱ ደግሞ ኮቴያቸው ይሰማኛል። በመሃል እንቅልፍ የሚገባበት ክፍተት ፈልጌ አጥቻለሁ።

«እኔ እንጃ እትዬ» እላቸዋለሁ።

«አንተስ መቼ ነው የምትተኛው?» ይሉኛል። ይህም ሌላ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰፈሩ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። መቶ ሺህ ወታደር ያዛል፣ ሦስት ባሕር ያቋርጣል፣ ነገሥታትን አስሮ ይፈታል፤ የአከራዩ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሲንሿሿ ግን መብራቱን አጥፍቶ ትንፋሹን ይውጣል። ለእኛ ቤት የደረሱን ጄኔራሉ ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እኔ ራሳቸውን እጠረጥራለሁ። ቢበልጡኝ በአሥር ዓመት ስለሆነ ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምላቸው። ወረቀት ላይ ግን የጦር መሪን «አንተ» በል ብዬ ሳዘው ብዕሬ እምቢ ይለኛል።

ቀን ቀን ጄኔራሉ ቁልፍ ቀራጭ ናቸው። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ሆዱን ሰብስቦ በሚገባባት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጠው ብረት ይሞርዳሉ። ቁልፉ የጠፋበት፣ በሩ የነከሰበት፣ ሣጥኑ አልከፈት ያለው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጣል። እስካሁን ያልከፈቱት በር እንደሌለ ይነገራል፤ በብዛት የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።

ማታ ደግሞ «ዘውድና ግንብ» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ አንዲት መንደር ይዞ ይነሳል፤ ያርሳል፣ ግንብ ይሠራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋዋላል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ይወርራል። ጄኔራሉ ይህን ጨዋታ ዘጠኝ ዓመት ተጫውተውታል። ሲጀምሩት ጸጉር ነበራቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተካሄደ ጦርነት ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ተዘግቶ አይቀመጥም። ወተታቸው ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው «ስልታዊ ማፈግፈግ ነው» ይላሉ። የጋራ መታጠቢያ ቤታችንን ጠዋት ለመያዝ ማታውኑ ፎጣቸውን በሩ ላይ ይሰቅላሉ፤ ስሙ የድንበር ምሽግ ነው። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ምሽጉን በሁለት ጣቷ አንስታ መሬት ጣለችና ገብታ ቆለፈች። ጄኔራሉ ሳሙናቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ።

«አንኳኳባት እንጂ» አልኳቸው።

«ምን በወጣኝ? ከበባ ነው። ውሃ ሲያልቅባት እጇን ትሰጣለች። ይሄ ስልት ነው።»

ውሃው ያለው እሷ ጋ መሆኑን ለማስታወስ አንጀቴ አልቻለም።

«ዘውድና ግንብ ሁለት» ሊወጣ ነው የተባለ ዕለት ጄኔራሉ ኪዮስካቸውን በጊዜ ዘግተው መጡ። ግድግዳውን ደብድበው ጠሩኝ። «ፕሮፌሰር» አሉኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩትን እኔን ነው። «ባሕር ኃይል አለው።» ድምፃቸው ተሰበረ። መንታ ተወለደልህ የተባለ አባት እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

ደስታው አንድ ቀን አደረ። በማግስቱ ሁለተኛው ዜና መጣ፤ አዲሱ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ተጫዋቹ ብቻውን፣ ከማንም ሳይገጥም ቢጫወት እንኳ መስመሩ የተቋረጠ ዕለት ጨዋታው ቀጥ ይላል። ጄኔራሉ ክፍሌ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ለሰው ቁልፍ እቀርጻለሁ አይደል?»

«ትቀርጻለህ።»

«ሰውየው ቤቱን በከፈተ ቁጥር እኔ ኪዮስኬ ውስጥ መኖሬን ያጣራል?»

«አያጣራም።»

«ብታመምስ? ብሞትስ? ደጅ ይደር?»

«ነፍስ ይማር ብሎ ገብቶ ይተኛል።»

«ታዲያ እነዚህ ምን ዓይነት ቁልፍ ቀራጮች ናቸው?»

ጄኔራሉ በዚያው ሳምንት «አንገዛም» የሚባል ማኅበር ኢንተርኔት ላይ አቋቋሙ፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ ምክትሉ ደግሞ መልኩን አይተውት የማያውቁ «ብረት ለበስ» የሚባል ሰው። መሐላ አርቅቀው አባላቱን አስማሉ። «ሌላ ሰው የሚቆልፈው ግንብ አልገነባም» ይላል። ለእኔም አነበቡልኝ። በሦስተኛው ቃል ላይ እንባቸው መጣ።

ከሁለት ወር በኋላ ኪዮስካቸው ሄጄ ስልካቸውን ሳነሳ፣ ጨዋታውን አስቀድመው እንደገዙ የሚገልጽ ማረጋገጫ ወለል ብሎ አየሁ።

«ይሄ ምንድነው?»

ጄኔራሉ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ጠላትን ከውስጥ ማጥናት ነው።»

«ማኅበሩስ?»

«ማኅበሩ እንዳይሰማ።»

«ቆይ፣ ትወደዋለህ ወይስ ትጠላዋለህ?»

ብዙ አሰቡ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ፤ አሁንም እያሰቡ ነበር። «ፕሮፌሰር» አሉ በመጨረሻ፤ «ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሃት ሴት በርህን አንኳኳች። ስትከፍት እናቷን አስከትላለች፤ እናትየው ደግሞ አልጋ ይዛ ነው የመጣችው። በሩን ትዘጋለህ?»

ችግሩ የእኛ ቤት ኢንተርኔት ባለቤት እትዬ መሆናቸው ነው። የዋይፋዩ ሣጥን የተቀመጠው እትዬ መኝታ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይነቅሉታል። አንዴ ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ያ መብራት በጨለማ ብልጭ ድርግም ሲል የሆነ ወንድ የሚጠቅሰኝ ይመስለኛል» አሉኝ። «ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ፤ ምን በወጣኝ?» የስልክ ኢንተርኔት ደግሞ ይህን ጨዋታ መሸከም አልቻለም፤ ሞክረነዋል።

«አንተ እኮ ቁልፍ ቀራጭ ነህ» አልኳቸው ለጄኔራሉ፣ ለቀልድ። «እትዬ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ገብተህ መሰካት ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ያልተጠራሁበትን በር አልከፍትም» አሉ። ስልት የሚለውን ቃል ሳይጨምሩ እምቢ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ጨዋታው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። የሚከፈተው ማታ አንድ ሰዓት ነው። ጄኔራሉ ታጥበው፣ ሸሚዝ ተኩሰው ለብሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እትዬ ዋይፋዩን እስኪነቅሉ ሁለት ሰዓት አለ፤ አንድ ግንብ ይደርሳል ብለዋል። አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ባሕር ኃይሉም ግንቡም አልመጡም። ስክሪኑ ላይ የመጣው ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ተጫዋች ስለመጣ ተራዎን ይጠብቁ፣ አርባ አንድ ሺህኛ ነዎት። ከሥሩ «አለሁ» የሚል ምልክት አለ። በየአሥር ደቂቃው ይህን ምልክት ያልተጫነ ተራውን ያጣል። መስመሩ የተቋረጠበትም እንዲሁ ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል።

በጎን በኩል ተሰላፊዎቹ እየተጻጻፉ የሚያወሩበት ሳጥን ነበር። ጄኔራሉ ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡና ከወንበራቸው ተነሱ።

«ብረት ለበስ» አሉ። «ምክትሌ።»

ብረት ለበስ ብቻውን አልነበረም። «አንገዛም» ማኅበር በሙሉ ተሰልፏል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ቢጠሩ ያን ያህል አባል አይገኝላቸውም ነበር። ብረት ለበስም ሊቀመንበሩን ሲያይ አልደነገጠም፤ «ጠላትን ከውስጥ እያጠናሁ ነው» ሲል ጻፈላቸው።

«ይሄማ የኔ ስልት ነው» አሉ ጄኔራሉ። ከክህደቱ ይልቅ ያንገበገባቸው ስርቆቱ ነው። «ደግሞ ቀድሞኛል።»

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አምባሳደር አድርገው እትዬ ዘንድ ላኩኝ። እትዬ ጸጉራቸውን አስረው፣ ሬዲዮናቸውን አጥፍተው ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ዋይፋዩ ይደር።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ጎረቤቴ የሚጠብቀው ጨዋታ መጥቶለት ነው።»

«እሱ የሚጫወት ልጅ ነው? ጸጉሩ አልቆ?»

«ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቀው።»

«እኔስ ባሌ ማንኮራፋቱን እስኪተው ሠላሳ ዓመት ጠብቄ የለ? ማን ምን አደረገልኝ?»

እጃቸው ወደ መሰኪያው ሄደ። የምለው ጠፋኝና ያለውን ተናገርኩ። «እትዬ፣ ተራ ይዞ እኮ ነው። ከነቀሉት ወደ ጭራ ይመለሳል።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እትዬ ጡረታ እስኪወጡ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ለበሽተኛው ሁሉ የተራ ቁጥር የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ራሱ ጥርሱን አሞት ሲመጣ ቁጥር ሰጥተው ከሕዝቡ ጋር እንዳስቀመጡት ዛሬም በኩራት ያወራሉ።

«ስንተኛ ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ምናምን ሺህ።»

«በስንት መስኮት ነው የሚያስተናግዱት?»

«እኔ እንጃ።»

«አንድ መስኮት ነው የከፈቱት፤ ያስታውቃል። በል ምራኝ።»

ሹራባቸውን ደርበው ጄኔራሉ ክፍል ገቡ። ጄኔራሉ ከልምድ የተነሳ መብራቱን ሊያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ። እትዬ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«እዚህ ሰው የለም? የሚጠየቅ?»

«የለም እትዬ፤ ማሽን ነው» አሉ ጄኔራሉ።

«ታዲያ ማን ይሰደባል?»

እትዬ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። «ያች ምልክት እንዳታመልጥ ፈረቃ እንገባለን። አንተ ጋደም በል፤ ዓይንህ ቲማቲም መስሏል።»

«ጦር መሪ ከግንባር…»

«ጋደም በል አልኩህ።»

ጄኔራሉ ግን አልተኙም። እንደዚያ ሌሊቱን ገፋነው። እኔ መጽሐፌን ይዤ ነበር፤ በየአሥር ደቂቃው «አለሁ» እያልኩ አንዷን ገጽ ስንት ጊዜ እንደጀመርኳት አልነግራችሁም። ለምን ክፍሌ ሄጄ እንዳልተኛሁ ጠይቁኝ። ጄኔራሉ አንዴ ለዘመድ ሠርግ ሄደው ጥቂት ቀን ቆይተው ነበር፤ ግድግዳው ዝም ሲለኝ አንዲት ምዕራፍ እንኳ አልዘለቀልኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ነጋ። ኪዮስኩ ሳይከፈት ዋለ። ከቀትር በኋላ ተራቸው ወደ መቶዎቹ ወረደ፤ ብረት ለበስ ገብቶ «ባሕር ኃይሉ ጉድ ነው» ብሎ ጻፈ። ጄኔራሉ ሸሚዛቸውን አስተካክለው፣ ጣቶቻቸውን አፍታተው ተዘጋጁ። ልክ ያን ጊዜ የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ መርፌ ደረቷ ላይ እንደሰካች ደርሳ በሩን በረገደችው።

«ልጄ መታጠቢያ ቤት ቆልፋ አልከፈት አላት። ታለቅሳለች።»

ያች ምሽጋቸውን የጣለች ሴት ናት። ስክሪኑ ዘጠና ሁለት ይላል። ጄኔራሉ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም፤ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሮጡ። «ተራዬን» ብቻ አሉን፣ በሩ ላይ ሆነው።

መዝጊያው ያረጀ ነው፤ ጊዜ ወሰደ። የጄኔራሉ ድምፅ በኮሪደሩ ይሰማን ነበር። «ማን ነው እዚያ ግንብ ውስጥ ያለው?» ይላሉ። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ይላል። «ንግሥቲቱ ነች? እንግዲያው ንግሥት ሆይ፣ ከበሩ ትንሽ ራቅ በይ፤ ሠራዊቱ እየመጣ ነው።» እትዬ ጣታቸውን ምልክቷ ላይ አድርገው ከስክሪኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔ ደግሞ አንዴ ወደ ኮሪደሩ፣ አንዴ ወደ ስክሪኑ። ሃምሳ። ሠላሳ። በመጨረሻ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያም የልጅ ሳቅ።

ጄኔራሉ እጃቸው ዘይት እንደሆነ ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ስንት ደረስን?»

«አራት» አልኳቸው።

ዞር ስል አገጫቸው ደረታቸው ላይ አርፏል፤ መፍቻው ከእጃቸው አልወጣም።

ስክሪኑ ደመቀ። ተራዎ ደርሷል፣ ይግቡ ይላል። ትከሻቸውን ልነቀንቅ እጄን ስዘረጋ እትዬ ያዙኝ።

«ተወው።»

«እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።»

«ካርድ ክፍል እያለሁ ቁጥሩ ደርሶ አግዳሚው ላይ ያንቀላፋ በሽተኛ ሲገጥመኝ ምን አደርግ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ቀጣዩን ይጠሩ ነበር።»

«እስኪነቃ ቁጥሩን ይዤለት እቆም ነበር» አሉና ራሳቸው ገቡለት።

አንድ አረንጓዴ ሜዳ መጣ፤ በስተጀርባው ባሕር። ሜዳው ላይ ጥቂት ትናንሽ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው ወደ እኛ አንጋጠው ቆመዋል።

«እነዚህ ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?»

«የጄኔራሉን ትእዛዝ።»

«ይጠብቁ። እሱስ ጠብቆ የለ?»

ዝም ካልነው ጨዋታው እንዳያስወጣን እትዬ ማውዙን እያነሱ በቀስታ ቀጭ ያደርጉታል፤ ምንም ሳያዙ፣ ምንም ሳይገነቡ። እኔ ክፍሌ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ከግድግዳው ማዶ ቀጭታው ይሰማኛል፤ ከሥሩ ደግሞ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ማንኮራፋት አለ። አንዲት ሙሉ ገጽ አነበብኩ።

እንግዲህ እትዬ ዳግመኛ አይጠይቁኝም፤ አጠገቡ ነበሩ። ሌላ የሚጠይቀኝ ካለ ግን አሁን መልስ አለኝ። ጄኔራሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተኛ።